ማዕቀብ የሚያውቀው መስኮት ላይ የቆመውን ነው

ከጎፋ መብራት ኃይል እስከ ጀሞ፣ ከሃና ማርያም እስከ ለቡ በተዘረጋው በእኛ ክፍለ ከተማ የዓለምን ፖለቲካ ማወቅ የፈለገ ሰው ቴሌቪዥን መክፈት አያስፈልገውም። ባንክ ቤት ሄዶ ወረፋ ይያዝ። ከውጭ የተላከ ገንዘብ የሚከፈልበት መስኮት ፊት ግማሽ ሰዓት የቆመ ሰው የፀጥታው ምክር ቤትን ውሳኔ ሳያነብ ይዘቱ ይገባዋል። «ሲስተሙ አልተቀበለውም።» «ስሙ ላይ ጥያቄ አለ።» «ላኪው ይደውል።» «ነገ ይምጡ።» ነገ ሲመጡም ያው ነው። ምክንያቱን የሚነግርዎ ሰው የለም። ከፋይዋ ራሷ አታውቀውም፤ ኮምፒውተሩ የነገራትን ነው የምትነግርዎ፤ ለኮምፒውተሩ ማን እንደነገረው ደግሞ እግዜር ይወቀው።

ስለ ማዕቀብ ነው የምናወራው፤ በተለይ «የፋይናንስ ማዕቀብ» ስለሚባለው። አንድን መንግሥት ወይም አንድን ጄኔራል በጥይት ፈንታ በባንክ መምታት ማለት ነው። ሲነገር ያምራል። ደም የለበትም፣ ጭስ የለበትም፣ ሁሉም ነገር በኮምፒውተር ያልቃል። የእኛ ክርክር አጭር ነው፦ ይህ መሣሪያ በጎረቤት አገር ባንክ በኩል ሲተኮስ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው መስኮት ላይ የቆመውን ነው። የታለመበት ሰውዬ ቀድሞ በጓዳ በር ወጥቷል። አዲስ አበባ ተቀምጠው አንዴ ማዕቀብ ይጣል፣ አንዴ ማዕቀብ ይነሣ እያሉ የሚሟገቱት ዲፕሎማቶቻችንም ይህን አያጡትም። (ሁለት ቡድን እንዳይመስሏችሁ፤ ያው መሥሪያ ቤት ነው። እንመጣበታለን።)

መጀመሪያ አሠራሩ። ከአሜሪካ ውጭ ያለ ባንክ ዶላር ለማንቀሳቀስ ኒውዮርክ ባለ ባንክ ውስጥ ሒሳብ ያስፈልገዋል፤ በቀጥታ ባይኖረው እንኳ ሒሳብ ባለው በሌላ ባንክ ጀርባ መታዘል አለበት። የናይሮቢ ነጋዴ ለዱባይ ነጋዴ ዶላር ሲልክ ገንዘቡ አብዛኛውን ጊዜ ኒውዮርክን ረግጦ ነው የሚያልፈው። እንግዲህ የአሜሪካ ግምጃ ቤት አንድን ሰው በመዝገቡ ሲያሰፍር ጁባ ወይም አስመራ ድረስ ወታደር መላክ አይጠበቅበትም። የጎረቤት ባንኩን ሥራ አስኪያጅ «ኒውዮርክ ያለችህን ሒሳብ ትወዳታለህ?» ብሎ መጠየቅ ይበቃዋል። ማን አይወዳትም?

ሰኔ 2010 ላይ የሆነውን እዩ። የደቡብ ሱዳን ጦርነት ከፈነዳ አምስተኛ ዓመቱን ይዟል። በአሜሪካ ግምጃ ቤት የሽብርተኝነትና የፋይናንስ መረጃ ጉዳዮች ኃላፊ የነበሩት ሲጋል ማንደልከር ወደ ቀጣናው መጡ። ጉዳዩ የጁባ ነው፤ ግፊቱ ግን ካምፓላና ናይሮቢ ላይ ነበር። መልእክታቸውም፦ የጁባ ሹማምንት የዘረፉትን ገንዘብ በእናንተ ባንክና በእናንተ ሪል እስቴት ውስጥ እየቀበሩት ነውና ዓይናችሁን ክፈቱ የሚል ነበር። እውነታቸውን ነው። ዘ ሴንትሪ የተባለው መርማሪ ድርጅት ከዚያ በፊት በመስከረም 2009 ባወጣው ዘገባ የደቡብ ሱዳን መሪዎች ቤተሰቦች በናይሮቢ ቅንጡ ሰፈሮች የሚኖሩባቸውን ቪላዎች አሳይቶ ነበር። ቤቱ ታውቋል፣ ሰፈሩ ታውቋል።

ቪላ ግን ወረፋ አይቆምም። ቪላ መታወቂያ አይጠየቅም። ቪላ በአጎት ልጅ ስም፣ በጠበቃ ስም፣ በኩባንያ ስም ይገዛል። ባንክ ደግሞ ባንክ ነው፤ ማስጠንቀቂያ ሲደርሰው የሚያስበው ስለ ፍትሕ አይደለም፣ ስለ ትርፍና ኪሳራ ነው። ጥሩ ትርፍ የሚያስገባውን ትልቅ ደንበኛ ይመረምራል፣ ጠበቃ ይቀጥርለታል፣ ያባብለዋል። ትርፉ ትንሽ፣ ጣጣው ብዙ የሆነውን ግን አንድ ደብዳቤ ጽፎ ያሰናብተዋል።

ለምሳሌ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ሶማሌ ወንድሞቻችንን ጠይቁ። ጥቅምት 28 ቀን 1994 ፕሬዚዳንት ቡሽ በራሳቸው አንደበት አል ባራካት የተባለው የሶማሌ ገንዘብ አስተላላፊ የሽብር ገንዘብ ያንቀሳቅሳል ብለው አወጁ። ድርጅቱ መቀመጫው ዱባይ ነበርና የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶችም ሒሳቡን አገደች። በጊዜው የሶማሊያ ትልቁ ሐዋላ ነው፤ መንግሥት በሌለበት አገር መንግሥት ሆኖ የሚያገለግል ነገር ማለት ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ የመስከረም 11ን ጥቃት ያጣራው የአሜሪካ ኮሚሽን ባለሙያዎች ባወጡት ጥናት ድርጅቱን ከሽብር ገንዘብ ጋር የሚያያይዝ የረባ ማስረጃ እንዳልተገኘ ጻፉ። ጥሩ። በመሀል ሞቃዲሾ ውስጥ የልጇን ገንዘብ ስትጠብቅ የነበረችውን እናት ማን ካሳት? ነገሩ በዚያም አልቆመም። በ2005 የእንግሊዙ ባርክሌይስ የሶማሌ ገንዘብ አስተላላፊዎችን ሒሳብ ልዝጋ ብሎ ተነሣ፤ ዳሃብሺል ፍርድ ቤት ሄዶ ነው ለጊዜው ያስቆመው። በ2007 ደግሞ የሶማሌ ሐዋላዎችን ያስተናግድ የነበረው የካሊፎርኒያው መርቻንትስ ባንክ ሒሳባቸውን ዘጋ። ሁለቱም ባንኮች «ዝጉ» የሚል ሕግ አልወጣባቸውም። ፈሩ፤ አለቀ።

ለምን እንደሚፈሩ ለማወቅ ሌላውን ጎረቤታችንን ሱዳንን መጥቀስ ይበቃል። ሰኔ 2006 ላይ የፈረንሳዩ ቢኤንፒ ፓሪባ ለሱዳን፣ ለኢራንና ለኩባ በድብቅ ዶላር አስተላልፏል ተብሎ ጥፋቱን አምኖ ወደ 9 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ቅጣት ተቀበለ። ዋናው ጉድ የሱዳኑ ነበር፤ ዶላሩ የካርቱም መሆኑ እንዳይታወቅ በሌሎች ትንንሽ ባንኮች በኩል እያዞሩ ያሳልፉት ነበር። ያን ቅጣት ያየ ባንክ ከዚያ ወዲያ «ሱዳን» የሚል ቃል ያለበትን ወረቀት ሁሉ እንደ ጋለ ብረት ነው የሚያየው። ማዕቀቡ ጥቅምት 2010 ላይ ከተነሣ በኋላ እንኳ ባንኮቹ ቶሎ አልተመለሱም። ማዕቀብ በፊርማ ይነሣል፤ ፍርሃት ፊርማ የለውም።

የስም ጉዳይ ደግሞ አለ። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የራስ፣ የአባት፣ የአያት ነው ያለን። መሐመድ በላቲን ፊደል ሲጻፍ በትንሹ አምስት ዓይነት ይሆናል፤ ኃይለና ገብረም አይተናነሱም። የዓለም ማዕቀብ መዝገብ የሚሠራው በዚያ ፊደል ነው። ኮምፒውተሩ «ይመስላል» ካለ ይመስላል ነው። ስሙን ያወጣለት አያቱ ነው፣ በላቲን የጻፈለት ፓስፖርት ቤት የተቀመጠ ጸሐፊ ነው፣ የሚጠረጠረው ግን እሱ ነው። ከጄኔራሉ ጋር የሚያገናኘው ነገር ቢኖር ሁለቱም አያቶቻቸው አንድ ነቢይ መውደዳቸው ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ጓዳ እንግባ። ከአስመራ ጋር ያለን የማዕቀብ ታሪክ ለቀልድ እንኳ ይበዛል።

በ2001 ኢጋድና የአፍሪካ ኅብረት ኤርትራ በሶማሊያ ታጣቂዎችን ትረዳለች ብለው ማዕቀብ ይጣልባት ሲሉ ከፊት የተሰለፈችው ኢትዮጵያ ናት። ታኅሣሥ 14 ቀን 2002 የፀጥታው ምክር ቤት ውሳኔ ቁጥር 1907ን አሳለፈ፤ የመሣሪያ እገዳ፣ የጉዞ እገዳ፣ የሀብት እገዳ። ሊቢያ ስትቃወም ቻይና ድምፅ አልሰጠችም። ያ አልበቃ ብሎ ኅዳር 25 ቀን 2004 ውሳኔ ቁጥር 2023 ተጨመረ። በዚህኛው ነው ነገሩ ወደ ኪስ የገባው። ኤርትራ በውጭ ካሉ ዜጎቿ የምትሰበስበው የ2 በመቶ ግብር ተወገዘ፣ የማዕድን ገንዘቧ እንዲጠበቅ ተባለ፣ አገሮች በባንኮቻቸው በኩል የሚያልፈውን እንዲመለከቱ ተጠየቀ። መጀመሪያ የቀረበው ረቂቅ ግን ከዚህ የጠነከረ ነበር፤ ማዕድኑ ላይ ቀጥተኛ ክልከላ ሊጥል ነበር። ለዘብ ተደርጎ «ጥንቃቄ ይደረግ» ወደሚል ወረደ። የቢሻ ወርቅ ያን ጊዜ መውጣት ጀምሯል፤ የሚያወጣው የካናዳ ኩባንያ ነበር። እንግዲህ ወርቅ ላይ «ጥንቃቄ»፣ የስቶክሆልም ነርስ ደመወዝ ላይ «ውግዘት»። ማን እንደተፈራ ለመገመት ፕሮፌሰር መሆን አይጠይቅም።

2 በመቶው ቀረ? አልቀረም። ቶሮንቶ ያለው የኤርትራ ቆንስል በዚሁ ግብር ሰበብ በ2005 ከካናዳ ተባረረ፤ ግብሩ ግን ሌላ መንገድ አያጣም። ፓስፖርት ለማሳደስ፣ የእናት ቤት ለመውረስ፣ ውክልና ለመላክ የሚፈልግ ኤርትራዊ ደረሰኙን ማሳየት ነበረበት። ቆንስላው ቢዘጋ በዘመድ እጅ አስመራ ይከፈላል። ማዕቀቡ ያመጣው ለውጥ መንገዱን ማርዘም ነው። የረዘመውን መንገድ ትራንስፖርት የሚከፍለው ደግሞ መንግሥት አይደለም።

ጎፋ መብራት ኃይልና ጀሞ በዚያው ዘመን ሌላ ታሪክ ያያሉ። መንግሥት ከ2002 ማብቂያ ጀምሮ ኤርትራውያን ስደተኞች ከካምፕ ወጥተው ከተማ እንዲኖሩ ፈቀደ፤ ራሳቸውን የሚችሉ ከሆነ በሚል። ራስን መቻል ማለት ምን ማለት ነው? የሥራ ፈቃድ ለሌለው ሰው ራስን መቻል ማለት ከውጭ የሚላክ ገንዘብ ማለት ነው። ስለዚህ አንዱ መሥሪያ ቤት «ከውጭ በሚላክልህ ኑር» ይላል፣ ሌላው መሥሪያ ቤት ኒውዮርክ ሄዶ ኤርትራዊ ስም ያለበት ገንዘብ ሁሉ በጥርጣሬ የሚታይበትን ሁኔታ ያግዛል። ሁለቱም የእኛው ናቸው፤ ሁለቱም ደመወዝ የሚበሉት ከአንድ ካዝና ነው። ልጁ ምን ያድርግ? በኢትዮጵያዊት አከራዩ ስም ያስልካል። እትዬ ኪራያቸውን ቀንሰው ቀሪውን ይሰጡታል። እግዜር ይስጣቸውና አብዛኞቹ ሐቀኛ ናቸው፤ ሐቀኛ ያልሆነች አከራይ የገጠመችው ግን ለማን አቤት ይላል?

ከዚያ ሐምሌ 2010 መጣ። አስመራና አዲስ አበባ ተቃቀፉ፤ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አስመራ ደርሰው በተመለሱ ዕለት የተባበሩት መንግሥታትን ዋና ጸሐፊ ማዕቀቡ እንዲነሣ ራሳቸው ዐቢይ ጠየቁ። ኅዳር 5 ቀን 2011 በሙሉ ድምፅ ተነሣ። ዘጠኝ ዓመት ስናስጥለው የነበረውን በአራት ወር አስነሣነው! ማዕቀቡ የተጣለው በሶማሊያ ጉዳይና ከጅቡቲ ጋር ባለው ድንበር ጉዳይ ነው ሲባል አልነበር? የጅቡቲ ጉዳይ እኮ ያን ቀንም አላለቀም ነበር። ያለቀው የእኛ ፀብ ነው።

መስከረም 7 ቀን 2014 ደግሞ ተራው የእኛ ሆነ። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት በሰሜኑ ጦርነት የተሳተፉ ወገኖችን ሁሉ፣ የኢትዮጵያን መንግሥት ጨምሮ፣ በማዕቀብ መዝገብ ለማስገባት የሚያስችል ትእዛዝ ፈረሙ። ኅዳር 3 ቀን መጀመሪያ የተመቱት አስመራ ያሉት ናቸው፤ ገዢው ፓርቲ፣ ሠራዊቱ፣ ቀይ ባሕር የንግድ ኮርፖሬሽን፣ ሕድሪ ትረስት። ያን ሰሞን ከመስቀል አደባባይ እስከ ጎፋ ካፌዎች «በቃ!» ነበር ቋንቋው። ማዕቀብ የነጮች ክፋት ነው፣ ድሃውን ነው የሚጎዳው፣ ሉዓላዊነት ተደፈረ። ልክ ነው፤ ድሃውን ይጎዳል። በ2004ም ድሃውን ይጎዳ ነበር። በ2004 ግን ድሃው አስመራ ነበር። ከ2015 ወዲህ ከአስመራ ጋር ንፋሱ ዳግም ዞሯል፤ በየካፌው «ለምን እንደ ድሮው ማዕቀብ አይጣልባቸውም?» የሚሉ ወንድሞቻችን ብቅ ብቅ ማለት ጀምረዋል። እነዚያው ናቸው። ቲሸርታቸውን እንኳ አልቀየሩም።

«እና ማዕቀብ የሚባል ነገር ይቅር ነው የምትሉት? ወራሪና ዘራፊ ዝም ይባል?» የሚል አንባቢ ይኖራል። አላልንም። ማዕቀብን ከነስሙ የሚጠላ ኢትዮጵያዊ የአያቶቹን ታሪክ ይጠይቅ።

መስከረም 22 ቀን 1928 የሙሶሊኒ ጦር መረብን ተሻገረ። የመንግሥታት ማኅበር ጣሊያን ጥፋተኛ ናት ብሎ ፈረደ፤ ኅዳር 8 ቀን ማዕቀቡ ሥራ ላይ ዋለ። ለጣሊያን መንግሥት፣ ለጣሊያን ባንክና ኩባንያ ማበደር ተከለከለ። ዕቃዋን መግዛት ተከለከለ። ሃምሳ ያህል አገሮች ተስማሙ። ያን የመሰለ ነገር ዓለም ከዚያ በፊት አላየም።

አሁን የጣሊያንን ጎረቤቶች እዩልን። ኦስትሪያ ገና ጉባኤው ላይ አልተባበርም አለች፤ ሃንጋሪና አልባኒያም። ማኅበሩ ራሱ የሚሰበሰብባት ስዊዘርላንድ ብድሩን ለመከልከል ተስማምታ የንግዱን ክልከላ እምቢ አለች፤ ንግዴን ከማዕቀቡ በፊት በነበረው ልክ እይዛለሁ ብላ ተወጣችው። የመሣሪያ እገዳውን ደግሞ በሁለቱም ላይ እኩል ጣለች፤ በወራሪውም፣ በተወራሪውም። እኩልነት ማለት እንግዲህ ይሄ ነው! ጀርመንና አሜሪካ የማኅበሩ አባል አልነበሩም። ነዳጅ ዝርዝሩ ውስጥ አልገባም። በሱዌዝ ቦይ ወታደርና መሣሪያ የጫነው የጣሊያን መርከብ ሁሉ ለኩባንያው የማለፊያውን ሒሳብ እየከፈለ ወደ ምጽዋ ወረደ፤ ማዕቀብ በነበረበት ዓመት የቦይ ገቢ ደራ። ሙሶሊኒ በኋላ ለሂትለር፣ ነዳጁን ቢከለክሉኝ ኖሮ በሳምንት ውስጥ ከሐበሻ ምድር በወጣሁ ነበር ማለቱን የሂትለር አስተርጓሚ ጽፎታል። ታዲያ ማን ከፈለ? ታኅሣሥ 1928 ላይ የጣሊያን ሴቶች የጋብቻ ቀለበታቸውን እያወለቁ ለመንግሥት ሰጡ። የነዳጅ ኩባንያዎቹ ቀለበት አልተጠየቁም።

ንጉሡ ሰኔ 23 ቀን ጄኔቫ ላይ ተናገሩ፤ ሐምሌ 8 ቀን ማዕቀቡ ተነሣ። መሀሉ ሁለት ሳምንት ነው። ኢትዮጵያ ለመከላከያ ያቀረበችው የ10 ሚሊዮን ፓውንድ የብድር ጥያቄም ጉባኤው ላይ ወደቀ፤ ከራሷ በቀር የደገፋት አልነበረም።

ይህን ታሪክ ብዙዎቻችሁ ትምህርት ቤት ሰምታችኋል። ቀጥሎ ያለውን ግን እምብዛም አያስተምሩንም፤ ለእኛ ለንፋስ ስልክ ልጆች ደግሞ የቤት ጉዳይ ነው። የሰፈራችን ስም የመጣው በዚያ ዘመን ሰው «ነፋስ ስልክ» ይለው ከነበረው ሽቦ አልባ ቴሌግራፍ ነው። በዚያ መሣሪያ በአዲስ አበባና በለንደን መካከል ለሚደረገው አገልግሎት የእንግሊዙ ኬብል ኤንድ ዋየርለስ ኩባንያ ለኢትዮጵያ መንግሥት የሚከፍለው ከ10 ሺህ ፓውንድ በላይ ዕዳ ነበረበት። ጣሊያን አዲስ አበባ ገባ፣ ንጉሡ ባዝ ከተማ በስደት ተቀመጡ፣ ገንዘቡን ጠየቁ። ኩባንያው ለማን ልክፈል አለ። ጉዳዩ ለንደን ፍርድ ቤት ቀረበ፤ ሐምሌ 1930 ዳኛው ለንጉሡ ፈረዱ። እንግሊዝ እስከዚያ ድረስ በሕግ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት የምትለው እሳቸውን ነበርና። ይግባኝ ተባለ። በመሀል፣ ኅዳር 1931 ላይ፣ የእንግሊዝ መንግሥት የጣሊያንን ንጉሥ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ብሎ በሕግ ዕውቅና ሰጠ። በዚያው ወር መጨረሻ የይግባኙ ፍርድ ቤት ገንዘቡ የጣሊያን ንጉሥ ነው አለ። ሕጉ አልተለወጠም፤ ደረሰኙም አልተለወጠም። የተለወጠው የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴሩ ደብዳቤ ነው። ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ ጣሊያን ሳንቲም እንዳትበደር የፈረመ መንግሥት የተወራሪውን ገንዘብ ለወራሪው አሳልፎ ሰጠ።

ስለዚህ የእኛ ጥያቄ ማዕቀብ ይኑር አይኑር አይደለም። ወርቁ፣ ነዳጁ፣ ቦዩና ቪላው ላይ ያልደረሰ ማዕቀብ መስኮቱ ላይ የሚጨክነው ለምንድን ነው ነው።

ይህን ዛሬ የምናነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። እስከ አሁን «የጎረቤት ባንክ» ሲባል ናይሮቢ ነበር፣ ዱባይ ነበር። የሱዳን ጦርነት ከጀመረ ወዲህ አሜሪካ ማዕቀብ የጣለችባቸው የፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ ኩባንያዎች ብዙዎቹ መቀመጫቸው እዚያው ኤምሬቶች ነው። አሁን ግን ነገሩ ወደ ቤት እየመጣ ነው። በ2017 ምክር ቤቱ የውጭ ባንኮች አገር ውስጥ እንዲሠሩ የሚፈቅደውን የባንክ አዋጅ አጸደቀ። በዚያው ዓመት የውጭ ዜጎች በኢትዮጵያ ቤት ባለቤት እንዲሆኑ የሚፈቅድ አዋጅም ወጣ። ከካርቱም የሸሸ ቤተሰብ አዲስ አበባ አለ፤ ካርቱምን ያራቆተውም ሰው ነገ ቤት ሊገዛ ይመጣል። አዲስ አበባ ነገ ናይሮቢ ናት። የግምጃ ቤቱ ልዑክም ነገ ቦሌ ያርፋል፤ የባንኮቻችንንም ሥራ አስኪያጆች ያቺን ጥያቄ ይጠይቃል። ባንኮቻችን ደግሞ ለምርመራ አዲስ አይደሉም፤ የገንዘብ ዝውውር ቁጥጥራችሁ ደካማ ነው ተብላ አገሪቱ ከየካቲት 2009 እስከ ጥቅምት 2012 በዓለም አቀፉ የክትትል ዝርዝር ውስጥ ነበረች። ያን ጊዜ የተማሩት ዋና ትምህርት ፎቶ ኮፒ ማብዛት ይመስለናል።

ብሔራዊ ባንክ ከዚያ በፊት አንድ ቀላል መመሪያ ያውጣልን። የተላከ ገንዘብ የሚያግድ ባንክ ምክንያቱንና ቀኑን በወረቀት ጽፎ፣ ማኅተም መትቶ ይስጥ፤ የሚሰማ አቤቱታ ክፍልም ይኑረው። የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ስደተኛ የባንክ ሒሳብ መክፈት ይችላል ይላል፤ አዋጁ ወረቀት ላይ ካለ መስኮቱ ላይም ይኑር። ከ2012 ወዲህ የመጡት ኤርትራውያን ብዙዎቹ እንኳን ሒሳብ መክፈት መመዝገብም ከብዷቸዋል፤ መታወቂያ ከልክሎ መታወቂያ አምጣ ማለት ምን ይሉታል? ውጭ ጉዳይም በኢጋድና በኅብረቱ አዳራሽ እጁን ከማንሣቱ በፊት፣ ይጣል ሲልም ይነሣ ሲልም፣ የሐዋላው ገንዘብ በምን በኩል እንደሚያልፍ በግልጽ ይንገረን።

ለቡ ላይ ባለ ሦስት ፎቅ ቪላ በጥሬ ገንዘብ ለመግዛት የሚመጣውን ሰውዬ ደግሞ አንድ ሰው፣ ውል የሚያዋውለውም ይሁን ካርታ የሚሰጠው፣ ጎፋ ላይ መቶ ዶላር ሊቀበል የተሰለፈው ልጅ በየወሩ የሚጠየቀውን ያንኑ ጥያቄ ይጠይቅልን፦ ገንዘቡ ከየት መጣ? ላኪው ምንህ ነው? ነገ ይምጡ።